የተማረ ሰው ዕዳ

ሻሸመኔ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ የሚመጣው አውራ ጐዳና እዚህ ሲደርስ ይከፋፈላል፤ አንዱ ወደ ሐዋሳ፣ ሁለተኛው ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ሦስተኛው በኮፈሌ በኩል ወደ ባሌ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህች ከተማ ለሚኖር ሰው መንገደኛን ማየት የዕለት ልማዱ ነው። የጥንቱ መንገደኛ ነጋዴ፣ ሾፌር ወይም ዘመድ ጠያቂ ነበረ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በእነዚህ ላይ ሌላ መንገደኛ ተጨምሮ እናያለን፤ ይኸውም የዲግሪ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ የያዘ፣ ኬሚስትሪ ወይም ፊዚክስ ወይም ባዮሎጂ የተማረ፣ መድረሻውም ከባሕር ማዶ የሆነ ወጣት ነው።

ይህን ወጣት በሚመለከት በየሻይ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው፣ «አገሩ አስተምራው ሌላውን አገር ሊያገለግል የሚሄድ ውለታ ቢስ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ «አገሩ ምን አደረገችለትና? ይሂድ፤ ራሱን ያድን» የሚል ነው። ሁለቱም ፍርዶች ፈጥነው የተሰጡ ስለ ሆኑ ነገሩን በዝግታ መመርመር የሚገባ መሰለኝ። እንድመረምረውም ያስገደደኝ አንድ ሽማግሌ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው።

እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሠራ ጸሐፊ ነኝ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ነገር ግን በጊዜው ቀንቶኝ ሥራ ስላገኘሁ ወር በመጣ ቍጥር ደመወዜን እቀበላለሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በከተማው ዳርቻ ድንች የሚያመርቱ አንድ ሽማግሌ ወደ ቢሮዬ ገቡ። ልጃቸው በኬሚስትሪ ከተመረቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ፣ ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ለአንድ መደብ እጅግ ብዙ ሆነው ከሚወዳደሩት ጋር ሲፈተን ቈይቷል። በመካከሉም የኮብልስቶን ድንጋይ አንጥፏል፤ የሰው ባጃጅ ነድቷል። አሁን ግን አንድ ደላላ «ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ አሻግርሃለሁ» ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠይቆታል። አባትየውም በሬያቸውን ሊሸጡ፣ ማሳቸውንም ለሌላ ሰው ሊያከራዩ አስበዋል። «አንተ የመንግሥት ሰው ነህና ንገረኝ፤ ልጄ ይሂድ ወይስ ይቅር?» አሉኝ።

እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «አባቴ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ በአገሩ ሆኖ ቢታገሥ ይሻለዋል» ብዬ መለስሁላቸው። ሽማግሌው በትሕትና አዳመጡኝ። ከዚያም ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ፣ «ልክ ነህ ልጄ፤ ነገር ግን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል ይባላል» አሉና ወጡ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ነገሩን ሳስበው አፈርሁ። የልጃቸውን ሕይወት የሚመለከት ጥያቄ ቢያቀርቡልኝ እኔ የሰጠኋቸው ተረት ነው። «ይታገሥ» ያልሁትም ደመወዜን በኪሴ ይዤ ነው። ሳይራብ ስለ ጾም የሚሰብክ ሰው ቃሉ እውነት ቢሆን እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ለሽማግሌው የሚገባውን መልስ ለማግኘት ጥያቄውን ከሥሩ መያዝ ይኖርብኛል፦ አገር ያስተማረችው ሰው በአገሩ ሥራ ሲያጣ ወጥቶ መፈለጉ በደል ነውን? በደል ካለስ በደለኛው ማን ነው?

አስቀድመን «ዕዳ አለበት» የሚሉትን ወገኖች እንስማቸው፤ ንግግራቸው ከንቱ አይደለምና። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት የመምህሩ ደመወዝ፣ የሚያድርበት ክፍልና የሚበላው እንጀራ የሚከፈለው በአብዛኛው ተማሪ ቤት ገብተው ከማያውቁ ሰዎች ከተሰበሰበ ግብር ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው ከወጪው ከፊሉን ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየከፈለ ሊመልስ ውል ይፈርማል፤ የቀረው ግን የሕዝብ ስጦታ ነው። ደግሞም ታሪካችን በዚህ ረገድ የሚያኰራ ምሳሌ አለው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት ሲያበቃ እንግሊዞች በሕፃንነታቸው ወስደዋቸው በህንድ አገር ያደጉ፣ ሕክምናም የተማሩ ሰው ናቸው። የአገራቸውን ቋንቋ እንኳ ረስተው ሳለ ከዐድዋ ድል በኋላ ወገኖቻቸውን ፈልገው መጥተው ሕዝባቸውን አክመዋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በጀርመን አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ በመንግሥት ሥራ አገልግለዋል፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸውም ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። እነዚህ ሰዎች በባዕድ አገር በምቾት ሊኖሩ ሲችሉ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እንግዲህ «የዛሬው ወጣት ለምን ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ የሚያስወቅስ አይደለም።

ነገር ግን ዕዳ ማለት ሁለት ወገኖች ያሉት ውል ነው። አንድ ሰው ለጐረቤቱ እህል ቢያበድር፣ ባለዕዳውም አምርቶ ሊመልስ መሬት ቢለምን፣ አበዳሪው ግን ማሳውን ሁሉ አጥሮ «ዕዳዬን አምጣ» ቢለው፣ የትኛው ሽማግሌ ለአበዳሪው ይፈርድለታል? ተመራቂው የወጪ መጋራቱን የሚከፍለው ሥራ ሲይዝ ነው። ሥራ ካልያዘ በገንዘቡም በዕውቀቱም ሊከፍል አይችልም። ስለዚህ በየዓመቱ «አልከፈልህም» እየተባለ የሚወቀሰው፣ መክፈያው በእጁ ሳይኖር ነው።

ከዚህም በላይ ይህ ወጣት ሳይንስን የተማረው ተጠርቶ መሆኑን መርሳት አይገባም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪዎቹ እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ ገና ሳይመረቁ መሥሪያ ቤቶች ይጠብቋቸው ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ከ40 በላይ ሆኗል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የትምህርት መርሐ ግብር ደግሞ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ከሚገቡት 100 ተማሪዎች 70ዎቹ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ዎቹ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ የሚያዝዝ ነበረ። አሳቡ መልካም ነው፤ አገር ያለ ሳይንስ አታድግምና። ነገር ግን ለግብዣ ከጠሩ በኋላ መቀመጫ ማዘጋጀት የጠሪው ግዴታ ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «መንግሥት ለሁሉ መደብ ሊሰጥ አይችልም፤ ወጣቱ ራሱ ሥራ ይፍጠር» ሊል ይችላል። ንግግሩ ከፊል እውነት አለው። ልብስ ሰፊ መኪናውን ገዝቶ፣ አናጢም መጋዙን ይዞ በራሱ ሊጀምር ይችላል። የኬሚስትሪ ሰው ግን ያለ ቤተ ሙከራ፣ ያለ መሣሪያ፣ ውጤቱንም ተቀብሎ በሥራ ላይ የሚያውል ድርጅት ሳይኖር ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል? ይህን ያስረዳኝ የሽማግሌው ልጅ ራሱ ነው።

ልጁ ከጥቂት ቀናት በኋላ ለአንድ ወረቀት ጉዳይ ወደ ቢሮዬ መጣ። ጨዋታ ስንጀምር እንዲህ አለኝ። እኅቱ ያገባችው ወደ ዝዋይ ሐይቅ አቅጣጫ በቆላው ነው። የልጆችዋ ጥርስ ገና በማደግ ላይ ሳሉ ቡናማ ሆኗል። ሰው ንጽሕና የጐደላቸው እየመሰለው ይስቅባቸዋል፤ ምክንያቱ ግን የሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ በተገኘው ድንጋይ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዝዋይ እስከ ወንጂ ድረስ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ልክ ያልፋሉ። መብዛቱ በሕፃናት ላይ ጥርስን ያበላሻል፤ ለረጅም ዘመን የጠጣውን ሰው ደግሞ አጥንቱን አድርቆ ያጐብጠዋል። መድኃኒቱም ያልታወቀ አይደለም። በህንድ አገር ናልጎንዳ በተባለው ቦታ ስም የሚጠራው ዘዴ ውኃውን በአሉምና በኖራ ያጣራል፤ ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራው ከሰልም ፍሎራይዱን ይስባል። ሁለቱም በእኛው ስምጥ ሸለቆ ተሞክረዋል። ነገር ግን ከሰሉ ሲደክም ማወቅ፣ የአሉሙን ልክ መመጠን፣ ውኃውንም ደጋግሞ መለካት የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። «እኔ ይህን ሁሉ ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን መለኪያውን በእጄ የሚሰጠኝ አላገኘሁም» አለኝ።

ይህን ስሰማ በልቤ አንድ ልዩነት ግልጽ ሆነ። እኛ የቢሮ ሰዎች «ሥራ የለም» እንላለን። ይህ ስሕተት ነው። ሥራስ ሞልቷል፤ የሌለው መደብ ነው። ሥራ ማለት መሠራት ያለበት ነገር ሲሆን፣ መደብ ማለት ለዚያ ነገር የተቈረጠ በጀትና ወንበር ነው። የልጆቹ ጥርስ፣ የጉድጓዱ ውኃ፣ የሚያፈራው መሬት፣ የሚደርቀው ሐይቅ ሥራዎች ናቸው። ሥራው በአንድ በኩል፣ ሠራተኛው በሌላ በኩል ተቀምጠው ሳይገናኙ ሲቀሩ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የወጣቱ ኃጢአት ሊባል አይችልም። የአገናኞቹ ነው፤ ከአገናኞቹም መካከል እኔና መሰሎቼ አለን።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር እንዴት እንዳየው ከአንድ ምሳሌ መማር እንችላለን። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የተዋጉላት ደቡብ ኮሪያ በዚያን ጊዜ በጦርነት የፈረሰች ድኻ አገር ነበረች። የተማሩት ልጆችዋም በአሜሪካና በአውሮፓ ቀርተው ነበር። አገሪቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ትልቅ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ምርምር ተቋም አቋቁማ፣ ቤተ ሙከራና መኖሪያ ቤት አዘጋጅታ፣ የተሻለ ደመወዝ ቈርጣ ልጆችዋን «ኑ» አለቻቸው፤ ብዙዎችም መጡ። ወቀሳ አላስቀደመችም፤ ያስቀደመችው ወንበሩን ነው።

እስካሁን ስለ አገር ግዴታ ተናገርሁ። ስለ ሂያጁስ? እዚህ ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት አካሄድ መኖሩን መለየት ያስፈልጋል፤ ይኸውም ዕውቀቱን ይዞ የሚሄድ ሰው አለ፤ ዕውቀቱን ጥሎ የሚሄድ ሰውም አለ።

ዕውቀቱን ይዞ ለሄደ ሰው ምሳሌ የሚሆኑን ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ናቸው። በምዕራብ ሸዋ በወለንኮሚ ተወልደው፣ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ተምረው፣ ኑሮአቸውን ያደረጉት በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ነገር ግን ምርምራቸው በማሽላ ላይ ነበረ። ድርቅ የሚችል ዲቃላ ማሽላ ለሱዳን ገበሬዎች አስገኝተዋል፤ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ ዘሮችንም አዘጋጅተዋል፤ ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በሌላ በኩል ዶክተር መላኩ ወረደ በአሜሪካ ተምረው ተመልሰው በአዲስ አበባ የዘር ሀብት ማእከልን በመምራት ከገበሬዎች ጋር የአገሪቱን የእህል ዘሮች ከጥፋት ጠብቀዋል፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። አንዱ በውጭ፣ አንዱ በአገር ውስጥ ኖሩ። ሁለቱ ግን ዕዳቸውን ከፈሉ። እንግዲህ የትምህርት ዕዳ የሚለካው እግር በቆመበት ቦታ ሳይሆን ዕውቀቱ በሚውልበት ተግባር ነው ማለት ነው።

ዕውቀቱን ጥሎ የሚሄደውስ? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄደው ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍልን የጨረሰ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ለዚያው ሥራ ግን ባለዲግሪ ወንዶችና ሴቶች ሲሰለፉ ታይቷል። በሰው ቤት ወለል መወልወል የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ ማናቸውም የላብ ሥራ ክቡር ነው። ነገር ግን አራት ዓመት የተደከመበት ትምህርት በሻንጣ ሥር ተቀምጦ ይረሳል። በደላላ እጅ በበረሃና በባሕር የሚሄደው ደግሞ ዕውቀቱን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል። የመን ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ያመሰቃቀላት አገር ናት። ከዚያ ተርፎ የደረሰውም ዋስትና የለውም፤ በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አይተናል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሲሄዱ የወላጆቻቸውን በሬና መሬት ሸጠው ነበር።

ነገር ግን ፍርዳችን ትክክል እንዲሆን አንድ ነገር እንጨምር። ዕውቀት የሚጠፋው በባዕድ አገር ብቻ አይደለም። በሻሸመኔ የመንገድ ዳር ወንበር ላይ ሦስት ዓመት የተቀመጠ የኬሚስትሪ ተመራቂም የተማረውን ይረሳል። እሱን «ለአገርህ ታማኝ ሁነህ ቀርተሃል» ብለን ብናመሰግነው አገር ከዚህ ምስጋና ምን ታተርፋለች? ሳይሄዱ መጥፋትም አለ።

ስለ ታማኝነት ካነሣን ከተማችን ራስዋ አንድ የምታስተምረን ነገር አላት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ በምዕራቡ ዓለም ለሚኖሩ ጥቍር ሕዝቦች በሻሸመኔ 5 ጋሻ መሬት፣ ማለት 200 ሄክታር ያህል ሰጡ። ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶችም ብዙ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ወደዚህ መጡ። እኛ ልጆቻችን የሚወጡበትን አገር እነርሱ በፍቅር የገቡበት ነው። ይሁን እንጂ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ አርጅተው፣ ብዙዎቹ የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖራቸው ለዐሠርት ዓመታት ኖረዋል፤ መታወቂያ እንዲሰጣቸው መንግሥት የፈቀደው በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚህ የምንረዳው የአገር ፍቅር ከአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ጸንቶ ሊቆይ ቢችልም እጅግ የሚያደክም መሆኑን ነው። ወዳድም ተቀባይ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሥራ ያጣ የተማረ ሰው ወጥቶ ሥራ መፈለጉ በደል አይደለም። በደሉ የሚጀምረው ሰውየው ዕውቀቱንና ወገኑን ከልቡ ሲያወጣ፣ ወይም አገር የሚሠራ ሰው እያላትና የሚሠራ ነገር እያላት ሁለቱን ሳታገናኝ ስትቀር ነው። የመጀመሪያው በደል የአንድ ሰው ነው፤ ሁለተኛው የብዙዎች ስለ ሆነ ማንም እንደ ራሱ በደል አይቈጥረውም። የብዙዎች የሆነ በደል ግን ለያንዳንዱ ድርሻ አለው። መምህሩ ተማሪውን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለሚጠብቀው ውኃና አፈር ቢያስተምረው፣ ሹሙ በጀት ሲይዝ ከወንበሩ ቍጥር በፊት የሥራውን ብዛት ቢያስብ፣ እንደ እኔ ያለው ጸሐፊም ወደ ጠረጴዛው የሚመጣውን ተመራቂ በስም፣ በትምህርትና በሚኖርበት ቀበሌ መዝግቦ ለሚመለከተው ቢያስተላልፍ፣ ክፍተቱ በአንድ ቀን ባይዘጋም ይጠባል።

ሽማግሌውን በገበያ ቀን ድንቻቸውን ሲሸጡ አገኘኋቸው። «አባቴ፣ ያን ጊዜ የመለስሁልዎ መልስ ልክ አልነበረም» አልኋቸው። «በሬውን ለደላላው አይሽጡ፤ በባሕርም አይሂድ። በሕጋዊ መንገድ፣ በውልና በሙያው ቢያገኝ ግን ይሂድ፤ መርቀው ይሸኙት። እስከዚያው ማመልከቻውን እኔ ራሴ አብሬው እጽፋለሁ።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «መልካም። የልጅ ልጆቼን ውኃ የሚመረምርስ ሰው መቼ ይቀጠራል?» ብለው ጠየቁኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው የቀረበው ለእኔ ብቻ ስላልመሰለኝ ይህን የሚያነቡ ሁሉ እንዲካፈሉት ጻፍሁት።